ለወናጎ ሕፃን ፊደል የሚያስቆጥረው ማነው?

ሕፃን ልጅ ዓለምን አስቀድሞ የሚያውቀው በጨዋታ ነው። ገበጣ የሚጫወት እረኛ ጠጠሩን ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ሲያሻግር መደመርንና መቀነስን ይማራል፤ ሰኞ ማክሰኞ የምትዘል ልጅ መሬቱን በልክ ከፋፍላ ሚዛኗን መጠበቅን ትለምዳለች፤ ማታ በእሳት ዳር «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ የሚመልስ ሕፃንም አንድ ነገር በሌላ ነገር ሊመሰል እንደሚችል፣ ቃልም ከላይ ከሚታየው ፍቺ በታች ሌላ ፍቺ ሊኖረው እንደሚችል ይረዳል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ትምህርትንና ጨዋታን ለያይተው አላዩም። እንግዲህ ዛሬ ፊደል ስለሚያስተምር የኮምፒዩተር ጨዋታ ስንነጋገር ክርክራችን ሕፃን ይጫወት ወይስ አይጫወት የሚል ሊሆን አይችልም፤ ይህ ከተፈጥሮ ጋር መሟገት ይሆናልና። ክርክራችን ጨዋታውን የሚደርሰው ማነው፣ በየትኛው ቋንቋስ፣ የማንንስ ልጅ በዓይነ ኅሊናው ይዞ ነው የሚደርሰው የሚል ነው።

ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በወናጎ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ ከሱቅ ደጃፍ ተቀምጣ የአጎቷን ስልክ ስትነካካ አየሁ። በስልኩ መስተዋት ላይ ፊደላት እያሸበረቁ ይወርዳሉ፤ ልጅቱ ስትነካቸው ሥዕል ይወጣል፣ ድምፅም ይሰማል። የላቲኑ ኤክስ ብቅ አለ። ከአጠገቡ በትንንሽ መዶሻ የሚመታ፣ ልጅቱ በሕይወቷ አይታው የማታውቅ የሙዚቃ መሣሪያ ተስሏል። ከስልኩ የወጣው የባዕድ ድምፅ «ዛይሎፎን» አለ። ልጅቱም ጮክ ብላ «ዛይሎፎን» አለች። ከጎኗ የቆመው ታላቅ ወንድሟ ግን ተቆጣ። «አይደለም! ይኼ ‹ጠ› ነው፤ አስተማሪያችን እንደዚህ አላለችም» አላት። ልጅቱ ስልኩንና ወንድሟን ተራ በተራ አየች። በዚህ መካከል ፊደሉ ጠፋና የመኪና ማስታወቂያ መጣ።

ወንድሟ ትክክል ነበር። ጌዴኡፋ፣ በአማርኛ አጠራር ጌዴኦኛ የምንለው ቋንቋ፣ ዛሬ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በዚህ አጻጻፍ እንግሊዞች ኤክስ የሚሉት ምልክት የ«ጠ»ን ድምፅ፣ ሲ የሚሉት የ«ጨ»ን ድምፅ፣ ኪው የሚሉትም የ«ቀ»ን ድምፅ ይወክላል። የሚረዝም አናባቢ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። የእንግሊዝኛው ጨዋታ ግን ሲን ከድመት ሥዕል ጋር አቁሞ «ካት» ያሰኛል፤ ኤክስን «ዛይ» ያደርጋል። አስተማሪዋ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያቆመችውን፣ ስልኩ ቅዳሜና እሑድ ያፈርሰዋል። ይህንንም የሚያደርገው ክፉ ስለሆነ አይደለም። የተደረሰው ለሌላ ልጅ ስለሆነ ነው። ለለንደን ወይም ለቦስተን ሕፃን መልካም አስተማሪ የሆነው ጨዋታ ለወናጎዋ ልጅ አሳሳች መካሪ ይሆናል።

ከዚህ የተነሣ በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ሕፃናትን ንባብ የሚያስተምር የኮምፒዩተር ጨዋታ ከመሣሪያ ይልቅ ድርሰት ነው። ገጸ ባሕርይ አለው፤ ዜማ አለው፤ ሥዕል አለው፤ የቃላት ምርጫና ቅደም ተከተል አለው። መሣሪያ ከሱቅ ይገዛል፤ ድርሰት ግን መደረስ አለበት፣ የሚደርሰውም ቋንቋውንና ልጁን የሚያውቅ ሰው ነው። ጉዳዩን የግዢ ጉዳይ አድርገው የሚያዩ ወገኖች ሁሉ፣ የመንግሥት ሹማምንት ይሁኑ የውጭ ለጋሾች ወይም ነጋዴዎች፣ ከመነሻቸው ስተዋል። እኛም የኪነ ጥበብ ሰዎች ነን የምንል ጉዳዩ የእኛ አይደለም ብለን ዝም ስንል አብረናቸው ስተናል።

ከእነዚህ ወገኖች ብዙ ጊዜ የሚሰማው የመጀመሪያው ክርክር «ልጆች ዘመናዊ ናቸው፤ መሣሪያውን ስጣቸው እንጂ ራሳቸው ይማራሉ» የሚል ነው። ለዚህም የአገራችንን ምሳሌ ይጠቅሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» የተባለው ድርጅት በኦሮሚያ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች ለሚኖሩ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች ታብሌት በካርቶን እንደታሸገ ሰጥቶ፣ ያለ አስተማሪ ምን እንደሚሆን ተመልክቶ ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን እንዳገኙ፣ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛን ፊደል ዜማ እንደዘመሩ፣ በአምስት ወርም የተዘጋውን የካሜራ ቁልፍ እንደፈቱ ለዓለም ተናገረ። ወሬው በየጋዜጣው ዞረ፤ የኢትዮጵያ ሕፃን ብሩህ መሆኑን ለሚጠራጠር ሁሉ መልስ ሆነ ተባለ።

የኢትዮጵያ ሕፃን ብሩህ መሆኑ ማስረጃ አያስፈልገውም። እናቱ ታውቀዋለች። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። አፋን ኦሮሞ በሚነገርበት መንደር ያሉ ልጆች በሁለት ሳምንት የዘመሩት የማንን ፊደል ነው? የተዘጋ ካሜራ መክፈት ብልሃት ነው፤ የራስን ስም መጻፍ፣ የአያትን ተረት ማንበብ ግን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ልጁ ምን ያህል ብልህ እንደሆነ ያሳየናል፤ ሁለተኛው እኛ ምን ያህል እንደሠራንለት ያሳያል። በልጁ ብልሃት ስንደነቅ የእኛን ስንፍና ረሳን።

ከዚያም በፊት፣ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ፣ ይኸው ድርጅት የሠራቸው ከአምስት ሺህ በላይ ትንንሽ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች በጀርመን የቴክኒክ ትብብር አማካይነት በአዲስ አበባና በገጠር ለሚገኙ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ታድለው ነበር። መሣሪያው ጠንካራ ነበር፤ የአማርኛ ፊደል ያለበት የመጻፊያ ገበታም ተሠርቶለት ነበር። ሆኖም መምህሩ አስቀድሞ ስላልተዘጋጀ፣ ትምህርቱም ከመሣሪያው ጋር ስላልተዋሐደ፣ ላፕቶፑ በብዙ ክፍሎች ውስጥ የትምህርቱ ረዳት መሆኑ ቀርቶ የትምህርቱ ተቀናቃኝ ሆነ። መምህሩ በሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ልጁ በጉልበቱ ላይ ሌላ ነገር ይጫወታል። ጥፋቱ የልጁም የመምህሩም አይደለም። ሣጥኑን አምጥቶ በሣጥኑ ውስጥ የሚገባውን ድርሰት የረሳው ነው ጥፋተኛው።

ሁለተኛው ክርክር ከዚህ የተሻለ ይመስላል። «ጨዋታው በትክክል ቢሠራ እንኳ ንባብ ያስተምራል የሚል ማስረጃ የት አለ?» ይላሉ። ማስረጃው አለ፤ ነገር ግን ለእነሱ ሳይሆን ለእኛ ይመሰክራል። ከስድስት ሚሊዮን የማይበልጥ ሕዝብ ያላት ፊንላንድ በዩቫስኩላ ዩኒቨርሲቲ «ግራፎጌም» የተባለ ጨዋታ ሠራች። ጨዋታው ለሕፃኑ ድምፅ ያሰማዋል፤ ሕፃኑም ከሚወርዱት ፊደላት መካከል የዚያን ድምፅ ፊደል ይይዛል። ይህ ጨዋታ በዛምቢያ፣ በሉሳካ፣ በኒያንጃ ቋንቋ እንደገና ተሠርቶ በአንደኛ ክፍል ልጆች ዘንድ ሲሞከር፣ የተሻለው ውጤት የተገኘው ልጁ ብቻ ሳይሆን መምህሩም ጨዋታውን በተጫወተበት ክፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የተፈጸመው የግሎባል ለርኒንግ ኤክስፕራይዝ ውድድርም በታንዛኒያ ታንጋ አካባቢ 170 በሚያህሉ መንደሮች ታብሌት ያደለው በእንግሊዝኛ ሳይሆን ልጆቹ በሚያውቁት በኪስዋሂሊ ነበር። በቋንቋው የተሠራ ሁሉ ፍሬ ሰጠ፤ መምህሩን ያልናቀ ሁሉ አብልጦ ፍሬ ሰጠ። ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

እዚህ ላይ የወናጎን ልጅ በቀጥታ የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። የፊንላንድ አጻጻፍ አንድ ፊደል አንድ ድምፅ ብቻ እንዲወክል ሆኖ የተሠራ ነው፤ ረጅም አናባቢም ሁለት ጊዜ ይጻፋል። የጌዴኡፋ አጻጻፍም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛ ግን አንዱን ፊደል በአሥር ዓይነት የሚያናግር፣ የእንግሊዝን ልጅ ራሱን ለዓመታት የሚያደክም አጻጻፍ ነው። ስለዚህ በንባብ ትምህርት ረገድ የወናጎ ሕፃን ለፊንላንድ ሕፃን እንጂ ለእንግሊዝ ሕፃን አይቀርብም። በአግባቡ ቢያስተምሩት ድምፅና ፊደልን ለማገናኘት ዓመታት አያስፈልጉትም። ቀላሉን መንገድ በደጁ ይዞ ሳለ አስቸጋሪውን በስልክ እያሻገርን እናስመጣለታለን። ይህ ዕድገት ነው ከተባለ፣ ውኃ በበዛበት አገር ውኃ በጠርሙስ ማስመጣትም ዕድገት ነው።

ሦስተኛው ክርክር የሚመጣው ከራሳችን ወገን ነው፤ ስለዚህም የበለጠ ያሳዝናል። «የአማርኛ ጨዋታ አለ፤ እሱ አይበቃም ወይ?» ይባላል። እኔ ይህን የምጽፈው በአማርኛ ነው፤ ለአማርኛ ያለኝን ፍቅር ማስመስከር አያሻኝም። ነገር ግን ማንም ሰው ማንበብን የሚማረው በማያውቀው ቃል አይደለም። ፊደል ድምፅን ይጠራል፤ ድምፅ ቃልን ይጠራል፤ ቃል በልጁ ልብ ውስጥ አስቀድሞ ከሌለ ግን የተጠራው ሁሉ ባዶ ቤት ያንኳኳል። የወናጎ የገጠር ሕፃን ትምህርት ቤት ሲገባ የሚያውቀው ቃል የጌዴኡፋ ቃል ነው። መጀመሪያ በዚያ ያንብብ፤ ማንበብ አንድ ጊዜ ከገባው ወደ አማርኛም ወደ እንግሊዝኛም ይዞት ይሻገራል።

ደግሞስ የአማርኛው ጨዋታ ለአማርኛ ተናጋሪው ልጅ እንኳ በሚገባው መጠን ተሠርቶለታልን? የእኛ ፊደል እንደ ላቲን አናባቢና ተነባቢ ለየብቻ የሚቆሙበት አይደለም። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በየሰባቱ እርከን ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ እያንዳንዱም ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ መልክ አጣምሮ ይዟል። የየኔታ ተማሪ በስንደዶ እየጠቆመ ሀ ሁ ሂ ሲል የሚማረው ሥርዓቱን ነው፤ ካዕቡ በአብዛኛው ከቀኝ ጎኑ ቅጥል እንደሚያወጣ ዓይኑ ራሱ ያስተውላል። ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ጨዋታ ግን ይህን ውበት አያውቀውም። በርካታዎቹ የአማርኛ ጨዋታዎች በግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን የፊደል ገበታ ወስደው፣ በየፊደሉ ሥር አንድ ሥዕል አኑረው፣ ሲነካ እንዲጮኽ ማድረግን እንደ ፈጠራ ይቆጥሩታል። ስለዚህ ነገሩ የጌዴኡፋና የአማርኛ ፉክክር አይደለም። ሁለቱም የተበደሉት በአንድ በደል ነው፤ በደሉም ትርጉምን በድርሰት ቦታ መተካት ነው።

አራተኛው ክርክር ደግሞ «ጌዴኡፋ ትንሽ ቋንቋ ነው፤ ወጪውን አይመልስም» የሚል ነው። እዚህ ላይ ታሪክ ማስታወስ ግድ ይላል። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአምስት ቋንቋዎች ጀምሮ ቆይቶ ወደ አሥራ አምስት ሲያድግ፣ ከአሥራ አምስቱ አንዱ ጌዴኦኛ ነበር። ያን ጊዜ የሚጻፈው በራሳችን ፊደል ነበር። የዚያ ሥርዓት ግፍ በታሪክ የተመዘገበ ነው፤ ዘመቻውም ያለ ግዴታና ያለ ጉድለት አልተካሄደም። ሆኖም በእጁ የነበረው ጠመኔ፣ ሰሌዳና ኩራዝ ብቻ ሆኖ ሳለ «ጌዴኦኛ ትንሽ ናት» ብሎ አልተዋትም። ከዚያም የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአምስተኛው አንቀጹ ቋንቋዎች ሁሉ በመንግሥት ዘንድ እኩል እውቅና እንዳላቸው ደነገገ። ጌዴኡፋ በላቲን ፊደል ተጽፎ ወደ ክፍል ገባ።

ቀጥሎ የመጣውን ግን ተመልከቱ። በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ድጋፍ የአንደኛ ደረጃ የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ችሎታ ሲመዘን፣ ምዘናው በስድስት ቋንቋዎች ተካሄደ፤ ጌዴኡፋ አልነበረበትም። ከተመዘኑት የሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ከጌዴኦ ጋር በምትዋሰነው፣ ቋንቋዋም የጌዴኡፋ እኅት በሆነው በሲዳማ፣ ማንበብ ያልቻሉት ከግማሽ በላይ ነበሩ። ይህ አስደንጋጭ ውጤት ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ትልቅ ሥራ አስከተለ፤ የንባብ መማሪያ መጻሕፍት በሰባት ቋንቋዎች እንደገና ተዘጋጁ። ሰባቱም አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና ሀዲይኛ ነበሩ። ጌዴኡፋ አሁንም ከውጭ ቀረ። ከአሥራ አምስቱ አንዱ የነበረ ቋንቋ ከስድስቱም ከሰባቱም ጎደለ። አሁን ደግሞ የመስተዋቱ ዘመን መጥቶ ሕፃናት ፊደልን ከወረቀት በፊት በስልክ የሚያዩበት ጊዜ ላይ ደርሰናል። ለሦስተኛ ጊዜ ከደጅ ልናቆመው ነውን?

ትንሽ ነው የሚሉት ይህ ቋንቋ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያለው ቋንቋ ነው። የአይስላንድ ሕዝብ ከዚህ ከግማሽ ያነሰ ነው፤ ሆኖም የአይስላንድ ሕፃን በራሱ ቋንቋ እንዳያነብ «ትንሽ ናችሁ» ብሎ የሚከለክለው የለም። ወጪን በሚመለከትም ክርክሩ በመረጃ ላይ የቆመ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የኖርዌይ መንግሥት ከጦርነት ለተሰደዱ የሶርያ ሕፃናት ዓረብኛ ማንበብ የሚያስተምር ጨዋታ ለሚሠሩ ባዘጋጀው ውድድር ሁለት ጨዋታዎች አሸንፈዋል። ከእነዚህ አንዱ ሕፃኑ ለአንድ ትንሽ ጭራቅ ፊደላትን እያጎረሰ የሚያሳድግበት ነው። የሁለቱም ውስጠ አሠራር ማንም እንዲጠቀምበት በነፃ ተለቅቋል፤ የጭራቁ ጨዋታ በብዙ ቋንቋዎች እንደገና የተሠራውም በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ለጌዴኡፋ የሚጎድለው ገንዘብ የሚፈጀው ክፍል አይደለም። የሚጎድለው የቃላት ምርጫው፣ የድምፁ ቅደም ተከተል፣ ጥርት ያለ ተናጋሪ፣ ሥዕሉ፣ ተረቱና ዜማው ነው። ይህ የማን ሥራ ነው? የመሐንዲስ ነውን? ይህስ የደራሲ፣ የሠዓሊ፣ የዘፋኝና የመምህር ሥራ ነው።

ይህ ሥራ በእኛ እጅ እንደማይቻል የሚነግረን ሰው ቢኖር፣ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡን እናሳየዋለን። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የሕፃናት የቴሌቪዥን ዝግጅት ከባለቤቷ ጋር ስትጀምር በእጇ የነበረው በቤት የተሠራ አሻንጉሊት ነበር። ፀሐይ የተባለችው ቀጭኔ ግን የውጭ አሻንጉሊት ትርጉም አልነበረችም፤ አማርኛ የምትናገር፣ የእኛን ልጆች ጥያቄ የምትጠይቅ ገጸ ባሕርይ ነበረች። ስለዚህ ልጆቹ ወደዷት፤ ዝግጅቱም በዓለም አቀፍ ውድድሮች ተሸለመ። ድርሰቱ ሲገኝ መሣሪያው ይከተላል። መሣሪያው ሲቀድም ግን ድርሰቱ ሳይመጣ መሣሪያው ይበላሻል።

ጨዋታውን ፈጽሞ የሚነቅፉ ወላጆችና መምህራን ደግሞ አሉ። «ስልክ የልጅን ዓይንና ልብ ይሰርቃል» ይላሉ። እነዚህን ወገኖች ማቃለል ተገቢ አይደለም፤ የሚሉት ብዙ እውነት አለው። በሁለት ፊደል መካከል ማስታወቂያ የሚያስገባ ጨዋታ ፊደል አስተማሪ መሆኑ ቀርቶ ፊደልን ማጥመጃ አድርጎ ሕፃንን ለነጋዴ የሚያድን ነው። መምህር የሌለበት፣ መጽሐፍ የሌለበት፣ ተረት የምታወራ አያት የሌለችበት ታብሌት ወላጅ አልባ ትምህርት ነው። ነገር ግን መጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጣል ሲባል፣ ቴሌቪዥን የሌለው የገጠር ልጅ ምን ያዘ? በዚያን ጊዜ በአባቱ ስልክ ውስጥ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ በቋንቋው የተደረሰ አንድ መልካም ጨዋታ ቢኖር ኖሮ፣ ቢያንስ የተማረውን ፊደል ባልረሳ ነበር። ስልኩ ከወናጎ ቤቶች አይወጣም፤ ገብቷል። እኛ ባዶ ከተውነው ሌላው ይሞላዋል፤ ሞልቶታልም።

ሌላም ስሕተት እንዳይፈጸም ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። «የጌዴኦን ባሕል እናስገባ» ተብሎ በእንግሊዝኛ ጨዋታ ላይ የቡና ፍሬና የእንሰት ቅጠል መለጠፍ ጨዋታውን የጌዴኦ አያደርገውም። የጌዴኦ መልክዐ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ለጌጥ ስላማረ አይደለም። ዛፉ ከላይ፣ እንሰቱ ከሥሩ፣ ቡናው በጥላው፣ ሰውም በመካከሉ ተዋሕደው የሚኖሩበት ዕውቀት ስላለው ነው። በቱቱ ፈላ የቆሙት ትክል ድንጋዮች፣ ሽማግሌዎች የሚመክሩበት ሶንጎ፣ እናት እንሰት ስትፍቅ የምትጠቀምባቸው ቃላት፣ እነዚህ ሁሉ ለሕፃኑ ታሪክ ይሁኑለት፤ ለጎብኚ የተዘጋጀ ፖስት ካርድ አይሁኑበት። ጥሩ ደራሲ ቃሉን ከሥራው ያወጣዋል፤ መጥፎ ደራሲ ሥዕሉን ከሥራው ነጥሎ ይሰቅለዋል። የጨዋታው ቃላት ልጁ ጧት ከቤቱ ሲወጣ የሚሰማቸው፣ ማታ ሲመለስ የሚላቸው መሆን አለባቸው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በ1989 ዓ.ም. የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የዛሬው ዲላ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ሊቃውንቱንና የኮምፒዩተር ተማሪዎቹን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀምጣቸው። የወናጎ፣ የቡሌ፣ የይርጋጨፌና የኮቸሬ የአንደኛ ክፍል መምህራን ልጆች የሚሳሳቱት በየትኛው ድምፅ ላይ እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃሉና፣ ከሥራው በኋላ ለሥልጠና ሳይሆን ከሥራው በፊት ለምክር ይጠሩ። ተረት ነጋሪዎችና ዘፋኞች ሲቀረጹ ስማቸው ይጻፍ፤ የድካማቸው ዋጋም ይከፈላቸው። በሕዝብ ገንዘብ የሚገዛ ማናቸውም የንባብ ጨዋታ ማስታወቂያ የሌለበት፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር አንድ ድምፅ የሚናገር መሆኑ በክፍል ውስጥ ሳይፈተን አይገዛ። ይህ መጽሔትም ግጥምንና ቲያትርን እንደሚመረምር ሁሉ ለሕፃናት የሚቀርቡትን ጨዋታዎች የሚመረምርበት ዐምድ ይክፈት። ሃምሳ ሰው ለሚያየው ቲያትር አራት ገጽ ሒስ ስንጽፍ፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት በየቀኑ ስለሚያዩት ሥራ አንድ መሥመር ሳንጽፍ መቅረታችን የሚያስወቅሰን ነው።

በእንቆቅልሽ ጨዋታ መልሱን ያጣ ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል። እሱም አገር ይሰጣል፤ የተቀበለው ልጅም በዚያ አገር ገብቶ እንደፈለገ ያወራል፣ እንደፈለገ ያዛል። ጨዋታ ስለሆነ ይሳቃል። በወናጎዋ ልጅ መስተዋት ላይ የወረደው ያ ፊደልም እንቆቅልሽ ነበር፤ የተጠየቀውም ለልጅቱ ሳይሆን ለእኛ ነበር። «ይህን ፊደል በልጃችሁ አፍ የሚያናግረው ማነው?» ይላል። መልሱን ዛሬ ካልመለስን አገር እንሰጣለን። የምንሰጠውም አገር ተራራና ወንዝ አይደለም፤ የልጆቻችን አንደበት ነው። ያን ጊዜ ማንም አይስቅም።